እጅና ዘንግ፤ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አሠራር ታሪክና የጥራቱ መለኪያ

የሰው ልጅ ከሠራቸው መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ጉልበት እንዲጨምሩለት፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ስሜት እንዲያቀብሉት የተሠሩ ናቸው። መዶሻ፣ ምሳርና ማረሻ ከመጀመሪያው ወገን ይመደባሉ። የሐኪም ማዳመጫ፣ የዓይነ ስውር በትርና የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ግን ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ዓሣ አጥማጁ በጥልቅ ውኃ ውስጥ የሚሆነውን በዓይኑ አያየውም፤ በጆሮውም አይሰማውም። መንጠቆው ድንጋይ መንካቱን፣ ሣር መያዙን ወይም ዓሣ መቅመሱን የሚያውቀው በክሩና በዘንጉ በኩል ወደ መዳፉ በሚደርሰው ጥቂት ንዝረት ነው። ስለዚህ ዘንግ የክንድ ማስረዘሚያ ብቻ ሳይሆን የጣት ማስረዘሚያም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መሣሪያው ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ አንድ በትር፣ አንድ ክር፣ አንድ መንጠቆ። ይሁን እንጂ ይህን በትር ለማሻሻል እንጨት ጠራቢው፣ ጠመንጃ ሠሪው፣ የኬሚስትሪ ሊቁና የአውሮፕላን መሐንዲሱ በየዘመናቸው ደክመውበታል። ሁሉም የተከራከሩት ከሁለት ጥያቄዎች ጋር ነበር። የመጀመሪያው፣ ዘንጉ የውኃውን ወሬ ሳያዛባ ለእጅ ያደርሳልን? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ እጅ ይህን ዘንግ ቀኑን ሙሉ ይዞ መዋል ይችላልን? የሚል ነው። የዘንግ ታሪክ የእነዚህ የሁለት ጥያቄዎች ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከልምጭ እስከ በትር

በግብፅ በቤኒ ሐሰን መቃብሮች ግድግዳ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2000 ዓመት ገደማ ከተሣሉት ሥዕሎች መካከል አጭር ዘንግ ይዞ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ይታያል። ክሩ የታሰረው በዘንጉ ጫፍ ላይ ነው፤ መጠቅለያ የለውም። ከዚያ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ200 ዓ.ም. ገደማ ኤልያን የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ፣ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፣ ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ አክለው፣ ዝንብ አስመስለው እንደሚያጠምዱ ጽፏል። የዘንጋቸው ርዝመት 6 ጫማ፣ የክራቸውም ርዝመት ያንኑ ያህል እንደ ነበር ይናገራል። በዚያን ዘመን ዘንግ ማለት ከዛፍ የተቆረጠ ቀጥ ያለ ልምጭ ነበር። ልምጩ አጭር ስለ ነበረ ክብደቱ አያስቸግርም፤ ክሩም በቀጥታ በጫፉ ላይ ስለ ታሰረ ስሜቱ ለእጅ ቅርብ ነበር። ችግሩ ያጠማጁ ክልል ከዘንጉና ከክሩ ርዝመት አለማለፉ ነበር።

በቻይና ይህ ችግር ቀድሞ መፍትሔ ያገኘ ይመስላል። በደቡብ ሶንግ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ማ ዩዋን በ1195 ገደማ በሣለው ሥዕል ላይ፣ በክረምት ሐይቅ በትንሽ ጀልባ የተቀመጠ አጥማጅ የክር መጠቅለያ ያለበት ዘንግ ይዞ ይታያል። በእንግሊዝ አገር ስለ መጠቅለያ የተጻፈው የመጀመሪያው ቃል የተገኘው ግን በ1651 ቶማስ ባርከር ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ስለ ዘንግ አሠራር በዝርዝር የሚናገረው ቀደምት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በ1496 ዊንኪን ደ ዎርድ በተባለው አታሚ በዌስትሚንስተር የታተመው የማጥመድ ድርሰት ነው። ደራሲዋ ጁልያና በርነርስ የምትባል መነኩሲት ናት የሚል ልማድ ቢኖርም፣ ሊቃውንት ስለዚህ ነገር ይጠራጠራሉ። ድርሰቱ የሚሰጠው ትእዛዝ ግን ግልጽ ነው። አጥማጁ ከሄዝል ወይም ከአኻያ ዛፍ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ በትር በቅዝቃዜው ወራት ይቁረጥ፤ በምድጃ አሙቆ ያቅና፤ ከዚያም ለሳምንታት ያድርቅ፤ ውስጡንም በጋለ ብረት ቦርቡሮ ባዶ ያድርግ፤ በባዶው ውስጥ የሚገባ ቀጭን ጫፍም ከሌላ እንጨት፣ ለምሳሌ ከጥድ ዘር ይሥራ ይላል። ዘንጉ ተጣጥፎ ሲከተት ተራ ምርኩዝ ስለሚመስል፣ ባለቤቱ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅበትም።

በዚህ አሮጌ ትእዛዝ ውስጥ ለዛሬ መሐንዲስ የሚሆን ቁም ነገር አለ። በቅዝቃዜ ወራት የሚቆረጥ እንጨት ፈሳሹ አነስተኛ ስለሆነ ሲደርቅ ብዙ አይጣመምም። መሐሉ የተቦረቦረ በትር ደግሞ ክብደቱ በብዙ ሲቀንስ ጥንካሬው የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው፤ መጉበጥን የሚቋቋመው በይበልጥ የውጪው ክፍል ነውና። ይህ ባዶ ቱቦ የሚባለው ሐሳብ ከ450 ዓመት በኋላ በመስተዋት ክርና በካርቦን ዘንጎች ላይ ተመልሶ የመጣው ሐሳብ ነው።

አይዛክ ዋልተን በ1653 ስለ ማጥመድ ያሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ፣ ወዳጁ ቻርልስ ኮተን በ1676 ሁለተኛ ክፍል ጨምሮለታል። ኮተን ለትራውት ወንዝ የሚበቃው ዘንግ ከ5 እስከ 6 ያርድ፣ ማለትም ከ4.5 እስከ 5.5 ሜትር የሚረዝም መሆኑን ይመክራል። ዘንጉ የሚሠራው በክርና በሐር እየታሰሩ ከሚቀጣጠሉ ብዙ ቁርጥራጮች ነበር። ይህን የመሰለ ረጅም መሣሪያ ከጠዋት እስከ ማታ ማወዛወዝ ለክንድ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

የባሕር ማዶ እንጨት

በ18ኛውና በ19ኛው ምዕት ዓመት የባሕር ንግድ ሲስፋፋ አዳዲስ እንጨቶች ወደ ሠሪዎች እጅ ገቡ። ከሰሜን አሜሪካ ሂኮሪ፣ ከካሪብ ባሕር አካባቢ ላንስዉድ፣ ከጋያና ደግሞ ግሪንኸርት የተባለው ክቡድና ጠንካራ እንጨት መጣ። ግሪንኸርት ከሁሉም የበለጠ ዝና አገኘ። በውኃ ውስጥ ስለማይበሰብስ ለወደብ ምሰሶ ይፈለግ የነበረ እንጨት ነው። ለዘንግ ሲውል ሲጎብጥ አይሰነፍም፤ ከጎበጠም በኋላ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል።

ነገር ግን ግሪንኸርት ከውኃ የማይቀል እንጨት ነው። ለሳልሞን የሚሆነው ረጅም ዘንግ ከዚህ እንጨት ሲሠራ በሁለት እጅ ካልሆነ በቀር የማይያዝ ነበር። ዘንጉ ሲወረወር የራሱ ክብደት ጫፉን ደጋግሞ ያወዛውዘዋል፤ ዘንጉ በራሱ እየተንቀጠቀጠ ሳለ ደግሞ ዓሣው የሚልከው ትንሽ ንዝረት ከመካከሉ ተለይቶ አይታወቅም። የዚያ ዘመን ሠሪዎች ችግሩን በቁጥር ሊገልጹት ባይችሉም በእጃቸው ያውቁት ነበር፤ ክብደት የምቾት ብቻ ሳይሆን የስሜትም ጠላት ነው።

የተሰነጠቀው ቀርከሃ

መፍትሔው የመጣው ከእንጨት ሳይሆን ከሣር ወገን ነው። ቀርከሃ በሥነ ዕፅ አመዳደብ ሣር ነው። ጽናቱን የሚሰጡት ቃጫዎች የሚበዙት ከልጡ አጠገብ ነው፤ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር እየሳሱ ይሄዳሉ። በመሆኑም ቀርከሃውን ሰንጥቆ፣ የውስጡን ለስላሳ ክፍል ጥሎ፣ የውጪውን ብርቱ ክፍል ብቻ አንድ ላይ ማጣበቅ ቢቻል፣ ቀላልና ጠንካራ ዘንግ ይገኛል።

በአሜሪካ፣ በፔንስልቫንያ ግዛት፣ በኢስተን ከተማ ይኖር የነበረው ሳሙኤል ፊሊፕ ይህን በ1840ዎቹ ሠርቶ አሳየ። ፊሊፕ ጠመንጃ ሠሪና ቫዮሊን ሠሪ ነበር። የሁለቱ ሙያዎች በአንድ ሰው መገናኘት እንደ አጋጣሚ ብቻ የሚታይ አይደለም። ጠመንጃ ሠሪ ልክን ያውቃል፤ ቫዮሊን ሠሪ ደግሞ የእንጨትን ንዝረት ያውቃል። ዘንግ ሁለቱንም የሚጠይቅ ሥራ ነው። ከእርሱ በኋላ የተነሣው የሜይን ግዛት ሰው ሂራም ሌናርድም ጠመንጃ ሠሪ ነበር። ሌናርድ በ1870ዎቹ ስድስት ባለ ሦስት ማዕዘን ፍልጦችን በማጣበቅ ባለ ስድስት ጎን ዘንግ በብዛት ማምረት ጀመረ፤ ፍልጦቹን በትክክለኛ ማዕዘን የሚቆርጥ መሣሪያም አሠራ። መሣሪያው በተቆለፈ ክፍል ይጠበቅ እንደ ነበር ይነገራል። ይሁን እንጂ ቁልፍ ጥበብን ለዘለዓለም ሊይዝ አልቻለም፤ በእርሱ ዘንድ የሠለጠኑት ሠራተኞች እየወጡ በየስማቸው ታላላቅ የዘንግ ሥራ ቤቶችን አቆሙ። በእንግሊዝ አገርም በ1872 በአልንዊክ ከተማ የተመሠረተው የሐርዲ ወንድማማቾች ሥራ ቤት ከግሪንኸርት ወደ ቀርከሃ ተሸጋግሮ በዓለም ታወቀ።

የሥራው ቅደም ተከተል ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው። ቀርከሃው ይሰነጠቃል፤ አንጓዎቹ ይስተካከላሉ፤ የአንዱ ፍልጥ አንጓ ከሌላው አንጓ ጋር በአንድ ቦታ እንዳይገናኝ ተደርጎ ይደረደራል፤ እርጥበቱ እንዲወጣና ቃጫው እንዲጸና በእሳት ይሞቃል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፍልጥ በብረት ቅርጽ ላይ ተጋድሞ፣ ከሚሊ ሜትር 20ኛ ክፍል በማይበልጥ ስሕተት እየተላገ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። በመጨረሻም ስድስቱ ፍልጦች በሙጫ ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ። በእጅ ሲሠራ አንዱ ዘንግ ከ40 ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ይፈጃል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ለዚህ ሥራ በትክክል የሚስማማ ነው፤ ለብቻው ልምጭ የሆነው ፍልጥ ከአምስት ወንድሞቹ ጋር ሲተባበር ብርቱ ዓሣ ይስባል።

መጀመሪያ ለዚህ ሥራ የዋለው ቀርከሃ ካልካታ በተባለው የንግድ ስም ከሕንድ የመጣው ነበር። በኋላ ግን «ቶንኪን» የተባለው የቻይና ቀርከሃ ተተካ። ስሙ ወደ ቬትናም ቢያመለክትም፣ ተክሉ የሚበቅለው በደቡብ ቻይና በጓንዶንግና በጓንሺ አውራጃዎች በተወሰነ ቦታ ነው። በ1931 ማክሉር የተባለው የሥነ ዕፅ ሊቅ የሳይንስ ስም ሲያወጣለት «ተወዳጅ» የሚል ትርጉም ያለውን የላቲን ቃል ሰጠው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ለቀርከሃ እንግዳ አይደለም። በደጋው የሚበቅለው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሲሆን፣ በቆላው የሚበቅለው ደግሞ ውስጡ ድፍን ነው። ሁለቱም ለቤት፣ ለአጥርና ለዕቃ ሥራ ሲያገለግሉ ኖረዋል። አንድ ዓይነት ተክል በአንድ አገር የቤት ማገር፣ በሌላ አገር በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚለካ መሣሪያ መሆኑ፣ የዕቃን ዋጋ የሚወስነው በውስጡ የገባው ዕውቀት መሆኑን ያመለክታል።

በጃፓን የቀርከሃ ዘንግ ሥራ ከዚህ በተለየ መንገድ አድጓል። የኤዶ ከተማ ሠሪዎች ቀርከሃውን ከመሰንጠቅ ይልቅ፣ ልዩ ልዩ ዓይነት ቀርከሃዎችን መርጠው፣ አንዱን በሌላው ውስጥ እየሰኩ፣ በሐር ክር አስረውና ላከር ቀብተው ይሠሩ ነበር። ለእያንዳንዱ የዓሣ ዓይነት የተለየ ዘንግ ነበራቸው። በዚያ ባህል የዘንግ ጥሩነት የሚለካው በጥንካሬው ሳይሆን የዓሣውን የመጀመሪያ ንኪኪ በማስታወቁ ነበር።

በመካከሉ የብረት ዘንግም ተሞክሯል። በ1887 ኤቨረት ሆርተን የተባለ የኮኔቲከት ሰው አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ የብረት ቱቦ ዘንግ የፈጠራ መብት አገኘ። ርካሽና የማይሰበር ስለ ነበረ ብዙ ገዢ አገኘ። ክብደቱና ዝገቱ ግን ከጥሩ ቀርከሃ ጋር እንዲወዳደር አልፈቀዱለትም።

የመስተዋት ክር

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለዘንግ ሥራ ሁለት ነገር አመጣ። አንደኛው፣ ለአውሮፕላን ዕቃ የተሠራው በፕላስቲክ ሙጫ የተያያዘ የመስተዋት ክር፣ ማለትም ፋይበርግላስ ነው። አርተር ሐዋልድ የተባለው የፕላስቲክ ኬሚስትሪ ባለ ሙያ፣ የቀርከሃ ዘንጉ ጫፍ ቢሰበርበት፣ በሥራው ዘንድ ከሚያውቀው የመስተዋት ክር ምትክ ሠራለት። ጥገናው ከዋናው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በሚሺጋን ግዛት የነበረው ሼክስፒር የተባለው የማጥመጃ ዕቃ ፋብሪካ ሐሳቡን ወስዶ በ1947 የመስተዋት ክር ዘንግ ለገበያ አቀረበ። በ1930ዎቹ መጨረሻ የወጣው የናይሎን ክር ደግሞ ከዚሁ ጋር ተጣምሮ ማጥመድን ርካሽ አደረገው።

ሁለተኛው ነገር የፖለቲካ ነበር። በኮሪያ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ በ1950 ከቻይና ጋር የነበራትን ንግድ ዘጋች፤ በሩ የተከፈተው በ1971 ነው። የቶንኪን ቀርከሃ ለሃያ ዓመት ያህል ወደ አሜሪካ ሠሪዎች እጅ መግባት አቆመ። በመጋዘን ክምችት የነበራቸው ጥቂቶች ሥራቸውን ሲቀጥሉ፣ ሌሎቹ ዘጉ ወይም ወደ መስተዋት ክር ዞሩ። ለመቶ ዓመት የተጠራቀመ የእጅ ጥበብ የተዳከመው በተሻለ ዕቃ ብቻ ሳይሆን በጥሬ ዕቃ እጦትም ነበር። አንድ ሙያ በአንድ ሸለቆ በሚበቅል ተክል ላይ ብቻ ሲቆም ምን ሊደርስበት እንደሚችል ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

የመስተዋት ክር ዘንግ አይበሰብስም፤ አይጣመምም፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ከዚያ በፊት ጥሩ ዘንግ መግዛት ያልቻለው ሠራተኛና ገበሬ ሁሉ ባለ ዘንግ ሆነ። ይህ በቀላሉ የሚታይ ውለታ አይደለም። በስሜት ረገድ ግን ወደ ኋላ መመለስ ነበር። መስተዋት ከፍተኛ የመለጠጥ ችሎታ ቢኖረውም ግትርነቱ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ በቂ ጽናት ለማግኘት የቱቦውን ውፍረት መጨመር የግድ ይሆናል። ውጤቱ ለስላሳ፣ ጫፉ ከባድ፣ ንዝረትንም በመንገድ ላይ የሚያዳፍን ዘንግ ነበር። የሚለጠጠው የናይሎን ክርም ይህንኑ ጉድለት አባባሰው።

የካርቦን ዘመን

ቀጣዩ ለውጥ የመጣው ከአውሮፕላን ምርምር ነው። በ1960ዎቹ በጃፓን አኪዮ ሺንዶ፣ በእንግሊዝም የፋርንቦሮ የአውሮፕላን ምርምር ጣቢያ ሊቃውንት፣ የሰው ሠራሽ ጨርቅ ክርን በከፍተኛ ሙቀት አክስለው ብርቱ የካርቦን ክር የሚያወጡበትን ዘዴ አገኙ። ሮልስ ሮይስ የተባለው ኩባንያ በዚህ ዕቃ የአውሮፕላን ሞተር ምላጭ ለመሥራት ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን በ1970 ምላጩ የወፍ ግጭት ፈተናን ሳያልፍ ቀረ። ኩባንያውም በወጪ ብዛት ተጨንቆ በ1971 ከሠረ። የካርቦን ክር ወደ ሰማይ ከመውጣቱ በፊት ገበያ ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ እንግዲህ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መሆኑ ነው። በጃፓን በ1972፣ በአሜሪካ ደግሞ ፌንዊክ በተባለው ኩባንያ አማካይነት በ1973 የካርቦን ዘንጎች ወጡ።

ልዩነቱን በቁጥር መግለጽ ይቻላል። የተለመደው የመስተዋት ክር ግትርነት 72 ጊጋ ፓስካል፣ ጥግግቱም በኩብ ሴንቲ ሜትር 2.5 ግራም ያህል ነው። የተለመደው የካርቦን ክር ግትርነት 230 ጊጋ ፓስካል፣ ጥግግቱ ግን 1.8 ግራም ያህል ነው። ለእኩል ክብደት ሲሰላ የካርቦን ግትርነት ከመስተዋት ከ4 እጥፍ በላይ ይሆናል። ሠሪው በዚህ ምክንያት ቱቦውን ማቅጠንና ግድግዳውን ማሳሳት ቻለ። ክንድን የሚያደክመው ክብደት ሲቀንስ፣ የጫፉ መወዛወዝም ቶሎ የሚቆም ሆነ፤ ለመቶ ዓመት የማይታረቁ ይመስሉ የነበሩት ጽናትና ቅለት በአንድ ዘንግ ተገናኙ።

ስሜት ምንድን ነው? ምቾትስ?

ስሜት አቀባይነት የዘንጉ ብቻ ባሕርይ አይደለም። ከመንጠቆው እስከ አንጎል ድረስ ያለ ሰንሰለት ነው፤ ክሩ፣ የክር ቀለበቶቹ፣ ዘንጉ፣ እጀታውና ቆዳው ሁሉም የሰንሰለቱ ቀለበቶች ናቸው። የሰው ጣት ቆዳ ንዝረትን አጥርቶ የሚያውቀው በሴኮንድ 250 ጊዜ ገደማ ሲርገበገብ ነው። ዘንጉ ከባድና ለስላሳ ከሆነ ይህን ፈጣን ንዝረት አዳፍኖ ያስቀረዋል፤ ቀላልና ግትር ከሆነ ያሳልፈዋል። ሆኖም ክሩ ከተለጠጠ ወይም ከላላ የዘንጉ ጥራት ብቻውን ምንም አይፈይድም። በ1990ዎቹ የተስፋፋው፣ ከፖሊኤትሊን የተጎነጎነው የማይለጠጥ ክር ለስሜት ያስገኘው ጥቅም ከብዙ የዘንግ ማሻሻያ የማያንሰው ስለዚህ ነው።

ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶችም ጉዳይ አላቸው። በቀርከሃው ዘመን በውድ ዘንጎች ላይ ክሩ እንዳይቆርጣቸው የአጌት ድንጋይ ይገባባቸው ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የጃፓን ሠሪዎች በሸክላ መሰል ጠንካራ ዕቃዎች፣ በኋላም በሲሊከን ካርባይድ ተኳቸው። ከባድ ቀለበት በጫፍ ላይ ከተሰቀለ ግን የካርቦኑን ቅለት መልሶ ይነጥቃል።

ምቾትን በተመለከተ፣ ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት ዘንጉን በሚዛን ላይ አስቀምጠው ግራሙን በማንበብ ነው። እጅ የሚያውቀው ግራምን ብቻ ሳይሆን ግራሙ ያለበትን ቦታም ጭምር ነው። ከመዳፍ 2.5 ሜትር ርቆ በጫፍ ላይ ያለ 10 ግራም፣ ከመዳፍ በስተኋላ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ በሚቀመጥ 250 ግራም ካልተመዘነ በቀር ጫፉን ወደ ታች ይጎትታል። አንዳንድ ሠሪዎች ከእጀታው በስተኋላ ክብደት በመጨመር ሚዛኑን ያስተካክላሉ። ይህ ዘዴ ዘንጉን ዝም ብሎ ለመያዝ ይረዳል፤ በሚወረወርበት ጊዜ ግን የጫፉን 10 ግራም ማንቀሳቀስና ማቆም የሚጠይቀው ድካም እንዳለ ይቀራል። እንዲያውም ለክንድ 250 ግራም ይጨመርበታል። ትክክለኛው መፍትሔ ከጫፉ መቀነስ እንጂ ከኋላው መጨመር አይደለም።

እጀታው የሚሠራበት ቡሽ ከፖርቱጋልና ከስፔን የቡሽ ዛፍ ልጥ የሚገኝ ነው፤ ዛፉ በየ9 ዓመቱ ይላጣል። ቡሽ ቀላል፣ ሲረጥብ የማያዳልጥ፣ በብርድም የማይቀዘቅዝ በመሆኑ ከ100 ዓመት በላይ በክብር ኖሯል። ርካሹ የአረፋ ፕላስቲክ ለእጅ ለስላሳ ቢሆንም ንዝረትን ይውጣል። ለዚህም ነው ብዙ ሠሪዎች የመጠቅለያውን መቀመጫ ከሥሩ ከፍተው፣ ጣት የዘንጉን ገላ በቀጥታ እንዲነካ ያደረጉት። እጀታው ከመዳፍ የሚቀጥን ከሆነ ጣት እንዲጨብጥ ያስገድዳል፤ የጨበጠ ጡንቻ ደግሞ ይደክማል፤ የደከመ ጡንቻም ስሜት አያነብም። ምቾትና ስሜት ሁለት ቢመስሉም በመጨረሻ አንድ የሚሆኑት በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

የቅለት ዋጋ

ካርቦን ያለ ዋጋ አልመጣም። የመስተዋት ክር ከመበጠሱ በፊት ብዙ ይለጠጣል፤ የተለመደው የካርቦን ክር ግን ወደ 1.5 በመቶ ገደማ ሲለጠጥ ይበጠሳል። ግትርነቱ እጅግ ከፍ ያለው የካርቦን ዓይነት ደግሞ ከዚህም በታች ነው። ግድግዳው የሳሳ ቱቦ በድንጋይ ወይም በጀልባ ጠርዝ ቢመታ የማይታይ ጭረት ይቀርበታል፤ ከቀናት በኋላ በትንሽ ዓሣ ይሰበራል። የሞተሩን ምላጭ ያሸነፈው የግጭት ድካም በዘንግም ላይ ራሱን ገልጧል።

ከዚህ የከፋም አደጋ አለ። ደረቅ እንጨት፣ ቀርከሃና መስተዋት ኤሌክትሪክን በቀላሉ አያሳልፉም፤ ካርቦን ግን ያሳልፋል። ረጅም የካርቦን ዘንግ ተሸክመው ከኤሌክትሪክ መሥመር በታች ያለፉ፣ ወይም በመብረቅ ጊዜ ዘንጉን አቁመው የቆሙ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ፋብሪካዎች በዘንጉ ላይ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ የሚለጥፉት ስለዚህ ነው። አንድን ጉድለት ያስወገደ ዕቃ፣ አሮጌው ዕቃ ያልነበረበትን አዲስ ጉድለት ይዞ መምጣቱ ለማንኛውም ባለ ሙያ የማይረሳ ትምህርት ነው። ለእጅ የሚመች መሣሪያ ሠርቶ፣ እጅን የሚገድልበትን ሁኔታ አለማስታወቅ የሙያ ጉድለት ነው።

ሌላው ችግር ከገበያ የመጣ ነው። የካርቦኑ ግትርነት ቁጥር የማስታወቂያ መፈክር ሆነ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዘንጉ የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን ቁጥሩ የክሩ እንጂ የዘንጉ አይደለም። ሙጫው ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ጨርቁ በየትኛው አቅጣጫ እንደ ተጠቀለለ፣ ቱቦውም እንዴት እየቀጠነ እንደ ሄደ ቁጥሩ አይናገርም። በመካከለኛ ክር በጥበብ የተሠራ ዘንግ፣ በውድ ክር በግድየለሽነት ከተሠራው ይበልጣል።

የመረጣ ጥበብ

በአገራችን ሐይቆች የዓሣ ማስገር ሥራ የሚከናወነው በአመዛኙ በመረብ ስለሆነ፣ የዘንግ ታሪክ በኢትዮጵያ አጭር ነው። በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥተው በባሌ ወንዞች የተለቀቁት የትራውት ዓሦች ግን ዘንግ የያዘውን አጥማጅ ወደ ዌብና ወደ ዳንካ ወንዞች ስበውታል። እንዲህ ባለው ፈጣንና ቀዝቃዛ ደጋማ ወንዝ ዳር ሙሉ ቀን ለሚውል ሰው፣ የተመቸና የተሳሳተ ዘንግ ልዩነት በማታ በክንዱ ላይ ይታወቀዋል።

ከታሪኩ የሚወጣው የመረጣ ምክር አጭር ነው። ገዢው ዘንጉን ብቻውን ሳይሆን ከሚጠቀምበት መጠቅለያ ጋር ገጥሞ ይያዘው፤ ሚዛኑ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነውና። ሳይጨብጥ፣ በልል መዳፍ ይዞ ጫፉ ይወድቅ እንደሆነ ይመልከት። ጥቂት አወዛውዞ በድንገት ሲያቆመው ጫፉ ቶሎ ጸጥ ይል እንደሆነ ይጠብቅ፤ ደጋግሞ የሚንቀጠቀጥ ዘንግ የራሱን ወሬ ከዓሣው ወሬ ጋር ይደባልቃል። ሌላ ሰው ጫፉን በጥፍሩ በቀስታ ሲነካካው ንኪኪው በመዳፉ ይሰማው እንደሆነ ይፈትን። ቀለበቶቹ ቀጥ ብለው መደርደራቸውን፣ ቡሹ በብዙ ቦታ በመሙያ አለመደፈኑን ያስተውል። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በድንጋያማ ዳርቻ የሚያጠምድ ከሆነ፣ ከቅለቱ ጥቂት ትቶ ጽናትን ቢመርጥ ብልህነት ነው።

የ1496ቱ አጥማጅ በጋለ ብረት በትሩን ሲቦረቡር፣ ፊሊፕ ፍልጡን ሲልግ፣ የፋርንቦሮው ሊቅ ክሩን ሲያከስል የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ከእጅና ከውኃ መካከል የሚቆመው ዕቃ ራሱ እንዲጠፋ ነው። ፍጹም የሆነ ዘንግ ያዡ መያዙን የሚረሳው፣ በጫፉ የሚሆነውን ግን የማይረሳው ዘንግ ነው። ቀርከሃም፣ መስተዋትም፣ ካርቦንም ወደዚህ ግብ በየራሳቸው መንገድ ቀርበዋል፤ አንዳቸውም ያለ ዋጋ አልደረሱም። ዕቃን መቁጠርያና ሚዛን ሊለኩት ይችላሉ። የመሣሪያን መልካምነት ግን የሚፈርደው ሙሉ ቀን ይዞት የዋለው እጅ ስለሆነ፣ ሠሪ የሆነ ሁሉ የሥራውን የመጨረሻ ፈተና ከዚያ እጅ መቀበል ይገባዋል።